አንዱ ቢነሳ

ዛሬ ደብረ ታቦር በማስተምርበት ክፍል ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል የጠመኔው ሽታ ወደ ጋሳይ ትምህርት ቤት መለሰኝ፤ ዘጠነኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዘመን።

ሽማግሌው የሒሳብ መምህራችን አንድያ ልጃቸውን ቀብረው፣ ሰልስቱ በወጣ ማግስት ራሳቸውን ተላጭተው መጡ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በተሰበረው መስኮት ይገባል። ሁላችንም ተነስተን «እግዜር ያጥናዎ» አልናቸው። ለቅሶ ቤት የተቀመጥን ይመስል ደብተር የከፈተ አልነበረም። እሳቸው ግን ጠመኔ አነሱ።

ስኩዌር ሩት ጻፉ፤ ውስጡ ስድስት ሲደመር ሌላ ስኩዌር ሩት፣ በዚያም ውስጥ ስድስት ሲደመር ሌላ፣ እንዲህ እያለ ሰሌዳው እስኪያልቅ ሄደ። «ማለቂያ የለውም» አሉ። «የውጭኛውን ሩትና ስድስቱን ብናነሳ ምን ይቀራል?»

«ያው ራሱ!» አልኩ ስለገባኝ ደስ ብሎኝ። «አንዱ ቢነሳ ምንም አይጎድልም።»

የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያልኩት የገባኝ ያኔ ነው።

መምህሩ አልተቆጡም። ሙሉውን ኤክስ አሉት፤ ኤክስ ስኩዌር ስድስት ሲደመር ኤክስ ሆነ። ፋክተር አደረጉት፤ ሦስትና ኔጌቲቭ ሁለት ወጣ። ኔጌቲቩን ሰርዘው ሦስቱን አከበቡ። ከዚያ ጠመኔውን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ሰሌዳው ላይ ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ።

ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ስጽፍ አንዲት ተማሪ ከኋላ «ያው ራሱ ነው፤ አንዱ ቢነሳ አይጎድልም» አለች። «ልክ ነሽ» አልኳት። «ሰሌዳው ላይ» የሚለውን ልጨምርላት አፌን ከፈትኩና ልጅነቷን አይቼ ተውኩት።