የዶሪን ባልዲ

ኖርፎክ በሚባለው የፈረንጅ ገጠር አጨዳ ሲያልቅ አሮጌ ሳንቲም ፈላጊዎች ማሳ ለማሳ ይዞራሉ። ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያቸውን ለምስማር እንዳይጮህ አድርገው ነው የሚገቡት። ጡረተኛዋ ዶሪን ግን የጮኸውን ሁሉ ትቆፍራለች፤ የዛገውን ብረት በባልዲ ለቅማ፣ ጉድጓዱን ደፍና ነው የምትወጣው።

«አንቺ ዶሪን፣ በዚህ ሁሉ ምስማር ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ?» አላት ከፈላጊዎቹ አንዱ ራስል እየሳቀ።

«አርፈህ ሳንቲምህን ፈልግ!»

ይሄኔ ባለማሳው ጌዝ ከትራክተሩ ወረደ። «በየዓመቱ አሮጌ ብረት ጎማዬን ይበሳው ነበር፤ ዘንድሮ እፎይ አልኩ። ማነው የሚለቅመው?»

ሁሉም ወደ ዶሪን ዞሩ። ጌዝ ባልዲዋን አየና የአጥሩን በር ቁልፍ ሰጣት።

«እነዚህ ጉድጓዳቸውን እንኳን አይደፍኑም። ከዛሬ ጀምሮ ማሳዬን የምትረግጪው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዶሪን ቁልፉን ኪሷ ከተተችና ባልዲውን ለራስል አስታቀፈችው።

«እንካ፣ ቤቱን አንተ ሥራው።»