የነቀልኳት ቀይ መብራት

አባቴ የሚኖሩት እንጦጦ ግርጌ ነበር። ከጡረታ በፊት በተላላኪነት ሲሠሩ የነዷትን አሮጌ ሞተር ብስክሌት እንደ ልጅ ይንከባከቧት ነበር። እኔ ሾላ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ስለነበርኩ ጣጣዋ ሁሉ የእኔ ነው።

ዋናው ጣጣ ዲናሞዋ ነበር። ዲናሞው ባትሪውን ካልሞላ ሞተሯ ትንሽ ትሄድና ቀጥ ትላለች። ውስጡ የሚሽከረከረውን መዳብ እየታከኩ የሚሠሩ ሁለት ካርቦኖች አሉ፤ ያልቃሉ። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረን፣ መሐሉ ያለውን ጥቁር ዘንግ በሞረድ እየሞረድን እንተካ ነበር። እሱ ደግሞ ደረቅ ነው፤ መዳቡን ይበላዋል። በየሁለት ሳምንቱ እየፈታሁ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበረብኝ። ሥራው ያንገሸግሸኝ ነበር።

ዲናሞው ሲደክም ከመሪው ሥር ያለች ትንሽ ቀይ መብራት አልጠፋ ትላለች። አንድ ቅዳሜ አባቴ ጋራዡ ድረስ መጡ።

«ይቺ ነገር ዛሬም አልጠፋችም።»

«ነገ እፈታታዋለሁ፣ አባባ።»

«ነገ፣ ነገ ትላለህ።»

ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ተናደድኩም። ዘወር ሲሉ የመብራቷን አምፖል ነቀልኩና ሞተሯን አስነስቼ አሳየኋቸው። መብራቷ ከጠፋች ዲናሞው ሠርቷል ማለት ነው ብለው መረቁኝ። ደህና ካርቦን እስካገኝ ለጥቂት ቀን ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በዚያው ሳምንት ከእኔ ጋር የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከሰፈር ልጆች ጋር በአፈሳ ተያዘ። ሦስት ቀን ቀበሌ አዳራሽ ካቆዩዋቸው በኋላ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጉርድ ሾላ ተጭነው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደሚሄዱ ሰማሁ። ለአባቴ ሰው ልኬ እኔ ቀድሜ ሄድኩ። ወንድሜ መኪናው ላይ ሆኖ መንገድ መንገዱን ያያል።

«አባባ ይደርሳሉ?»

«ይደርሳሉ። ሞተሯን ሠርቼላቸዋለሁ።»

ይህን ስል ነው አምፖሉ ትዝ ያለኝ። መብራቷን ቢያዩ ኖሮ በታክሲ ይመጡ ነበር። ምን ላድርግ? ቆሜ ጠበቅሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስም ወንድሜ እኔን አይደለም የሚያየው፤ መንገዱን ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በላብ ተጠምቀው፣ ሞተሯን እየገፉ ብቅ አሉ። ቁልቁለቱን በደህና ወርደው ሜዳው ላይ ቀጥ ብላባቸዋለች።

«የታለ?» አሉኝ።

ወንድሜ ከሰሜን አልተመለሰም። መርዶም አልመጣልንም።

አባቴ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት ለጠየቃቸው ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። «ሞተሯማ አርጅታለች፣ ምን ታድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው። ልጄ በቡትቶ እንዳያየኝ ብዬ ልብስ ስቀይር ነው ያመለጠኝ።»

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ዝም እንዳልኩ ቀበርኳቸው።