ሐምሌ ላይ ሽመል አይቆረጥም

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። አሶሳ ውስጥ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ዓመት ሳይሞላው ፈርሶ፣ ተማሪዎች የተከሉትን ችግኝ ከብት መጋጥ ጀምሯል። ርእሰ መምህሩ «ሽመል ፈልገህ ና» ብሎ ላከኝ። ሽመል የምንለው የቆላውን ቀርከሃ ነው።

ባጃጁ እስከ መናኸሪያ ሃምሳ ብር አስከፈለኝ። ከዚያ በሆሞሻ መንገድ በሚኒባስ ሄጄ ወረድኩና አንድ ሰዓት ያህል ጭቃ እያቦካሁ በእግሬ ተጓዝኩ። ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፤ ከማሳው በላይ ያለውን ኮረብታ ሽመል ሸፍኖታል።

አራት ሰዓት

የሽመሉ ባለቤት እማማ ሐዋ የሚባሉ የበርታ ገበሬ ናቸው። ሰላም ተባብለን የመጣሁበትን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን አይቆረጥም። እየወለደ ነው።»

«እማማ፣ ከብቱ ችግኙን ጨረሰብን እኮ!»

«ለአሮጌው አጥር መቼ ቆረጣችሁ?»

«አምና፣ በክረምት።»

«እሱ ነው! ክረምት የተቆረጠ ነቀዝ ይበላዋል።»

ባዶ እጄን መመለሱ አናደደኝ። «እስቲ ልየው» ብዬ ወደ ሽመሉ ስገባ ከጫማዬ ስር የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ቅጠል የሸፈነው፣ የበቆሎ እሸት የሚያህል ቡቃያ ነበር። እማማ ሐዋ ጎንበስ ብለው አነሱት። አለመቆጣታቸው ይበልጥ አሳፈረኝ።

«ከሱ ቤት እንሠራለን፣ ቡቃያውን እንበላለን። በዝናብ ጊዜ ደግሞ እሱ ከኛ ይፈልጋል» አሉና ዶማ ሰጡኝ።

ጎርፍ ያራቆተውን ሥር አፈርና ቅጠል ሳለብስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዋልኩ። መሃል ላይ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አበሉኝ። ስንጨርስ እየዞሩ አሳዩኝ።

«ይሄ አረንጓዴው ልጅ ነው፣ ተወው። ይሄ ግራጫው ሦስት ክረምት አይቷል። ጥር ላይ ና፣ ሽማግሌውን ብቻ ትቆርጣለህ።»

አመሻሽ ላይ

ርእሰ መምህሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ሽመሉስ?»

«ጥር ላይ።»

«ምነው፣ እንቢ አሉህ?»

«አሉኝ። ልክ ናቸው። አጥራችንን የጣለው የኛው ጥድፊያ ነው።»

ደስ አላለውም። እስከ ጥር ድረስ በእሾህ አጥረን፣ በየተራ ከብት ስንመልስ ከረምን። ጥር ሲገባ አብሮኝ ሄደ። እማማ ሐዋ እየመረጡ «ይሄን» ሲሉን ቆረጥን። መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት ርእሰ መምህሩ ሁልጊዜ ይጠይቃቸው ነበር፦ «እማማ፣ ይሄስ ደርሷል?»