ያስተማርኳት መልስ

እንግሊዝ አገር የአንድ ኮሌጅ ዘበኛ ነኝ። በበሩ ለሚያልፍ ሁሉ «ደህና?» እላለሁ፤ መልስ አልጠብቅም። ከአሜሪካ፣ ከኦሃዮ የመጣችው ተማሪ ግን፣ የአባቷን ሰፊ ኮት እንደለበሰች ቆማ ትመልስ ነበር።

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባዬም ገና ከሆስፒታል አልወጣም። ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ።»

የክፍላቸውን ቁልፍ ከእኔ ሊወስዱ ከኋላዋ የቆሙት ተማሪዎች ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

አንድ ቀን ለብቻዋ ጠራኋትና፣ «የኔ ልጅ፣ እዚህ አገር እኮ "ደህና" ብሎ ማለፍ ነው» አልኳት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ቆማ አታውቅም።

መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት፣ በዚያ ብርድ ኮቱን ሳትለብሰው አቅፋው መጣች።

«ደህና?» አልኳት።

«ደህና» ብላ አለፈች።

አባቷ መሞቱን የነገረኝ፣ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ሊወስድ የመጣው ባለታክሲ ነው።