የመጋረጃው ሹፌር

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ የምንገጣጥመው ነገር አልሠራ ሲል «ሞተሩን አትስደቢ፤ ሹፌሩን እዪ» ይሉኝ ነበር። ሹፌር የሚሉት ስቴፐር የሚባለውን፣ በትንሽ በትንሽ እርምጃ የሚዞረውን ሞተር ኤሌክትሪኩን እየመጠነ የሚያዞረውን ትንሽ ሰሌዳ ነው። እዚህ ቶሮንቶ ሁሉም «ድራይቨር» ይለዋል፤ እሳቸው ግን ተርጉመውታል። ባለቤታቸው እትዬ «መኪና ሳይኖረን ስንት ሹፌር ቀጠርክ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

እትዬ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው መጋረጃ መሳብ አይችሉም። ጋሼ ቁልፉ ሲነካ መጋረጃውን በሞተር የሚከፍት መሣሪያ መሥራት ጀምረውላቸው፣ ሳይጨርሱ አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ እኔ ገጣጥሜ ቁልፉን ስጫን ሞተሩ እዚያው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልዞረም። ሌላ ሞተር ኦርደር ላድርግ ስል እትዬ «ተይው ልጄ፣ ጨለማውን ለምጄዋለሁ» አሉኝ። እንዲለምዱት አልፈለግሁም። የጋሼ ቃል ትዝ አለኝና ሞተሩ ስንት አምፔር ኤሌክትሪክ እንደሚፈልግ ከላዩ ላይ አነበብኩ። ሹፌሩ ለካ ያን ያህል መስጠት አይችልም ነበር። ከጋሼ ሳጥን የሚበቃውን ሹፌር ፈልጌ ቀየርኩለት፤ በሰሌዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዞርኩም የኤሌክትሪኩን ልክ አስተካከልኩለት። ሞተሩ ዞረ። ትንሽ ከሠራ በኋላ ጋሼ ያደርጉት እንደነበረው፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚታየው፣ ሹፌሩን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም።

ከዚያ እትዬ ራሳቸው ተጫኑት። መጋረጃው ቀስ ብሎ ተከፈተና ብርሃኑ ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ባዶ ወንበር ላይ አረፈ። እትዬ ወደ ወንበሩ ዞሩ።

«አንተ ሰው፣ እውነትህን ኖሯል» አሉ። «ሹፌር አለን።»