ለሽታ ያህል የተጨመረ ቡና

ሐኪሙ አባቴን ቡና ሲከለክለው አጠገቡ ነበርኩ። ደረቱን ሲያዳምጥ፣ የእጁን አንጓ ይዞ ሲቆጥር ቆየና፣ «ልብዎ ደክሟል። ጨው ይቀንሱ፣ ዳገት አይውጡ፣ ቡና ግን ጭራሽ እንዳይነኩ» አለው። አባቴ ጨውን እሺ አለ። ዳገቱንም፣ ፒያሳ እየኖረ ዳገት እንዴት እንደሚቀር ባያውቅም፣ እሺ አለ። ቡናው ላይ ሲደርስ ሐኪሙን ትቶ እኔን አየኝ፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ እንዴ!

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የወሎ ልጅ ነው፣ ግን አራዳ አሳድጎታል፤ ምላሱ ከመቀሱ ይቀድም ነበር። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ወሬው ጥሞት ሱሪውን ረስቶ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ጨዋታ ታዲያ በቡና ነበር የሚሠራው። ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ የመጀመሪያዋን ስኒ እስኪጨርስ ማንም ደፍሮ አያናግረውም። ከዚያ በኋላ ግን ዝም የሚያሰኘው አይገኝም። እናቴ፣ «ይሄ ሰውዬ አፉ የሚከፈተው በጀበና ነው» ትል ነበር።

ጊዜው ደግሞ የደርግ ጊዜ ነው። የአገሩ ቡና በመርከብ ተጭኖ ይሄዳል፣ ለእኛ የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምናገኘው ስብርባሪ ይተርፈናል። ዘመድ ከገጠር አንድ ኪሎ ይዞ ሲመጣ ኬላ ላይ እንደ ሌባ ይበረበራል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ያለችውን ጥቂት ቡና በተቆላ ገብስ ወይም በሽምብራ ያበዛት ነበር። ቡና ማቆም ለሌላው ሰው ኑሮ ያስገደደው ነገር ነው፤ አባቴ ግን ያለውን ነው ተው የተባለው።

ተወ። ሰው አክባሪ ነው፣ ሐኪምም ያከብራል። ግን ቡናውን ሲተው ወሬውንም አብሮ ተወው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን እያየ ይውላል። ቤት ሲገባ ሰላም ብሎ ይቀመጣል፣ የሰጡትን ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ይተኛል። እናቴ አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ «ልቡን ለማዳን ብለን ሰውየውን አጣነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታለሁ። ብቸኛ ልጅ ነኝ፣ ግትር ነኝ፣ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። አባቴን ሳላጣው ልቡን ማትረፍ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ ገብስ ብቻውን ቆላሁ። አሳርሬ፣ ወቅጬ አፈላሁለት። ቀመሰና ተማርሮ፣ «ቆሎ መጠጣት የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለኝ። የቡና ገለባም ሞከርኩ፤ እሱንም ግማሹን ጠጥቶ አስቀመጠው።

መፍትሔው የመጣው ከአባቴ ደንበኛ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጣልያን ነበሩ፤ ባላቸው እዚሁ ሞቶ እዚሁ ቀብረውት የቀሩ። አማርኛቸው ከኔ ባይሻልም ከብዙ ሰው ይሻላል። አባቴ ያጠበበላቸውን ጥቁር ቀሚስ ላደርስ ስሄድ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ስለ አባቴ ስነግራቸው ሳቁና ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። «የኔም ልብ አሮጌ ነው። እኔ ግን ይኸውልሽ እጠጣለሁ» አሉኝ። እህታቸው ከአገራቸው የምትልክላቸው ቡና ነው፤ ልብ የሚያስመታው ነገር፣ ካፌይን የሚሉት፣ ከፍሬው ወጥቶለታል። ቡናም ሆኖ ልብ የማይነካ ነገር መኖሩን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አንድ እሽግ ዱቄት ሰጡኝ፤ ሲያልቅም ተመለሺ አሉኝ። አንዴ ፈልቶ ከፍ ማለት ሲጀምር ወዲያው እንዳወርደው፣ ከተንተከተከ ያለችው መዓዛም እንደምትጠፋ ደጋግመው ነገሩኝ። ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት።

አባቴ ያን ቡና ተቀብሎ አሸተተው፣ ፉት አለው፣ ስኒውንም አዟዙሮ አየው። «ልጄ» አለኝ፣ «ይሄ ቡና ተኮላሽቷል።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ግን በደስታ ላብድ ደረስኩ፤ በወር ውስጥ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። እንግዲያው ይሄን የተኮላሸ ቡና አጣፍጬ ካላስጠጣሁት ልጁ አይደለሁም አልኩ።

ከመሥሪያ ቤት እንደተመለስኩ የላምባ ምድጃዋ ሥር ቁጭ ነው። የፈረንጁ ዱቄት ብቻውን ሲፈላ ስስ ነው፣ ምላስ ላይ አይቆይም። ጠቆር ተደርጎ የተቆላ ገብስ ሲገባበት ይወፍራል፤ ከበዛ ግን ያው ቆሎ ይሆናል። ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ገብስ ላይ ደረስኩ። ኮረሪማ ሦስት ፍሬ ጨመርኩ። ከጀበና ይልቅ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ሳፈላው ቶሎ ለማውረድ ተመቸኝ። ሁሉ ነገር ተስተካክሎ አንድ ነገር ጎደለ፤ ቡና ቡና አይሸትም። እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከእናቴ ቡና በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርኩበት። ለሽታ ያህል ብቻ። ይቺ ምን ታደርጋለች አልኩ። ቅልቅሉን በዱቄት ወተት ጣሳ ከድኜ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት፤ ጠዋት ጠዋት እኔ ሥራ ስለምሄድ የሚያፈላው ቤት ያለ ሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ ቡናዬ ከሳምንት ሳምንት እየጣፈጠ ሄደ። ወላሂ፣ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ አዲስ ቅልቅል በሠራሁ በሦስተኛው ቀን ይበልጥ ይጣፍጣል። ሲከርም ይሆናል፣ ቅመሙ ሲዋሃድ ይሆናል እያልኩ ለራሴ ምክንያት አበጅለታለሁ። አባቴ አንድ ስኒ የነበረው ሁለት፣ ሦስት ማለት ጀመረ። ምላሱ ተመለሰ፣ ሱቁ እንደገና በሰው ሞላ። አንድ ቀን አንድ ካድሬ የደረት ኪሱን ሰፋ አድርግልኝ ቢለው፣ «ብዕሩን ነው ወይስ እኛን ልትከተን?» አለው ብለው ሲነግሩኝ በፍርሃትም በሳቅም ሞትኩ። ኩራቴ ደግሞ ሰማይ ነካ። የሰፈሩ ሴቶች እጅሽ ይባረክ ሲሉኝ፣ ባለሙያ ሴት ከገብስም ቡና ታወጣለች እያልኩ እጎርር ነበር።

ኩራቴን ለጣልያኗም ላሳይ ብዬ አንድ ቀን በፔርሙዝ ይዤላቸው ወረድኩ። አንድ ጊዜ ፉት አሉና ስኒውን አስቀመጡት። መልሰው አላነሡትም።

«ይሄን ለአባትሽ ትሰጪዋለሽ?»

«በየቀኑ!» አልኩ፣ ምስጋናውን እየጠበቅሁ።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ቡና ነው። እውነተኛ ቡና።»

ለሽታ ያህል ቆንጥሬበታለሁ ብዬ ላስረዳ ጀመርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቁንጣሪ አይደለም። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእውነቱን ቡና አልጠጣሁም፤ የረሳሁት ይመስልሻል? አንድ ጊዜ ብቻ ቀምሼ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል።» መጀመሪያ ተቀየምኳቸው። ደጃፋቸውን ስወጣ ግን ቤት የቀረው ጣሳ ትዝ አለኝ። የቴዎድሮስን አደባባይ እንዴት ተሻግሬ ፒያሳ እንደደረስኩ አላውቅም።

ጣሳውን ከፍቼ እናቴ ፊት አስቀመጥኩት። «እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ቡና ጨምረሻል?»

«ወላ...» ብላ ጀመረችና አቆመች። እናቴ በሐሰት አትምልም። ጣሳውን እያየች፣ «አንድ ማንኪያ ብቻ» አለች። «ለሽታ ያህል። ሲጠጣው ፊቱን እያየሁት አላስችለኝ አለ።»

ጮኽኩባት። ጩኸቱን ሰምተው የጎን ጎረቤታችን ገቡ፤ ባልቴት ናቸው፣ አብረውን ሃያ ዓመት የኖሩ። ምን እንደሆነ ሲሰሙ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ወይኔ ማርያም! እኔም እኮ ጨምሬበታለሁ» አሉ። «እናትሽ ወረፋ ስትሄድ የማፈላለት እኔ አይደለሁ? ሳሳሁለት። ከራሴ ቡና ነው፣ ከእናንተ አልነካሁም።» እሳቸው ከቀበሌ የሚያገኙት ቡና ለራሳቸው ለሳምንት እንኳ አይበቃቸውም ነበር።

ጉድ በይ አራዳ! አገር ሁሉ ቡና ላይ ገብስ ሲጨምር፣ እኛ ቤት ገብስ ላይ ቡና ሲጨመር ከርሟል። ሦስታችንም አንዳችን ከአንዳችን ተደብቀን፣ ሦስታችንም ለሽታ ያህል። እኔ ግን የዚያን ቀን የራሴን ቁንጣሪ ረሳኋት። «ገደላችሁት!» አልኳቸው። «በእጃችሁ ገደላችሁት!»

አባቴ ከሱቅ ተመልሶ በራፉ ላይ ቆሞ ኖሯል። ጫማውን አውልቆ ገባና መሐላችን ተቀመጠ። «አትጩኺባቸው» አለኝ። «እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። የእናትሽ ቡና አቆላሉ ይጠቁራል፣ የጎረቤታችን ቅርንፉድ አለበት። ያንቺ ደግሞ ከሁሉም ታንሳለች፤ ፈሪ ነሽ።» ሁለቱ ሴቶች እያለቀሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጣሳውን አንሥቼ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት።

ከዚያ ቀን በኋላ የአባቴን ቡና ከእኔ በቀር የሚነካው አልነበረም። የፈረንጁን ዱቄት ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት። ጠዋት ከሥራ በፊት አፈላለታለሁ፣ ማታ ስመለስ አፈላለታለሁ፣ መሐሉን ውሃ ይጠጣ። ገብስና ኮረሪማ፣ ሌላ ቅንጣት የለበትም። አባቴ እሺ ልጄ ይላል፣ ይጠጣል። ያ ሁሉ ደንበኛ የሚስቅለት ሰው ለእኔ ለልጁ እንደ ተማሪ ይታዘዝ ነበር። እናቴ አንዳንዴ ስኒውን አይታ እኔን ታየኛለች። ቀስ በቀስ እንደገና ዝም አለ። ዝም ይበል አልኩ፤ በሕይወት ይኑር እንጂ ዝም ይበል።

እንዲህ ሁለት ወር ሄድን። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ስኳር መጣ ተብሎ ቀበሌ ሱቅ ሄዳለች። ጎረቤታችን ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አባቴ ከመስጊድ ተመለሰ፤ አካሄዱ አዝግሟል፣ ግን ምነው ስለው ደህና ነኝ አለኝ። ማንቆርቆሪያዋን ስጥድ አየኝና፣ «ልጄ» አለኝ፣ «ዛሬ አንዲት ስኒ የእውነቱን አጠጪኝ።»

«አባዬ! ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። አንዲት ስኒ ብቻ ናት።»

የእናቴ ቡና ተወቅጦ እዚያው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። «አይሆንም» አልኩት። «እኔ አንተን ገድዬ መኖር አልችልም።»

«ደግ። የሰጠሽኝን እጠጣለሁ» አለ። የኔን ቡና ግማሽ ድረስ ጠጣው። ከዚያ አረፍ ልበል ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። እናቴ ስኳሯን ይዛ ስትገባ ትንፋሹ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከአስር ሰላት በፊት ተቀበረ። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ቤታችን ያለው ቡና ሁሉ ወጣ፤ ጎረቤታችንም የራሳቸውን ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ፒያሳ በሙሉ እኛ ቤት ቡና ጠጣ። እኔ ቀጂ ነበርኩ፤ ለወርቅ ሠሪው፣ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ለዚያም ካድሬ ሳይቀር ቀዳሁ።

ሰው ሲበተን የእናቴ ነገር ጀመረ። ምግብ አልበላም አለች። ቡና እንኳን ልትጠጣ ሽታው ሲመጣ ከቤት ትወጣለች። «ያቺ ማንኪያዬ ናት የገደለችው» ትለኛለች። አይደለም ብላት አትሰማም። አንድ ቀን እጄን ሳብ አድርጋ ሳመችው፤ እናት የልጇን እጅ! «የተጠነቀቅሽለት አንቺ ብቻ ነሽ» አለችኝ። በዚህ ከቀጠለች እሷንም እንደምቀብራት ስለገባኝ በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

ካርዱን አስወጥቶ አነበበው። ጠይም፣ ከሲታ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ቡና መጠጣቱ ነው ወይ የገደለው አልኩት። ካርዱን አጠፈው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «አባትሽ እኔ ዘንድ ሲመጡ ልባቸው አልቆ ነበር። የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት አገር ውስጥ አልነበረም፤ አሁንም የለም። ሰው ሐኪም ዘንድ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ያለቀለት ይመስለዋል። የምሰጣቸው ባጣ፣ የምከለክላቸው ፈለግሁ።»

«ቡናው ታዲያ?»

«ቢጠጡም ባይጠጡም ያው ነበር።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። በእግሬ ቤት ድረስ ተመለስኩና እናቴን አጠገቤ አስቀመጥኳት። «እማዬ፣ ሐኪሙ ምሎ ነገረኝ። ማንኪያሽ አልጎዳውም። ቡና ቢጠጣም ምንም አይሆንም ነበር አለ።»

አልሀምዱሊላህ ብላ መሬት ተደፋች። ጎረቤታችንን ጠራቻቸው፤ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥታ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእጇ ቡና አፈላች። የእውነቱን። ለጎረቤታችን ቀዳች፣ ለራሷ ቀዳች፣ ለእኔም ቀድታ ዘረጋችልኝ። አልቀበል ስላት፣ «ጠጪ እንጂ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለችኝ።

ተቀብዬ ጠጣሁ። የዚያን እሑድ ጠዋት አባቴ ምን እንደጠየቀኝ እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።