ጅራታም ግሶች

ሥራ የጀመርኩት ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን፣ አሶሳ፣ ወንበር እንኳ ባልተሟላለት መሥሪያ ቤት ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው ተብሎ አስተርጓሚ ሆንኩ።

አለቃዬ አቶ ሙሳ የበርታ ሰው ናቸው፤ በአማርኛ ሴትና ወንድ አይለዩም። “እህቴ፣ አንተ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ አምጣ፤ ወደ በርታ ማሻገር የኔ ሥራ ነው” አሉኝ።

በዚያው ቀን የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ፈረንጅ፣ ኢንጂነር ቶም፣ ቢሮ ገባ። አቶ ሙሳ አንዷን ወንበር ስበው “ቁጭ በል” አሉት። እሱ “በል” ማለት “ተናገር” እንደሆነ ከመጽሐፍ ተምሮ ኖሮ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ “ቁጭ!” አለ። ከንፈሬን ነክሼ ዞርኩ። አቶ ሙሳ ግን ሳቃቸውን ለቀቁት።

የኔ ተራ በሳምንቱ ደረሰ። መንጌ አካባቢ ኮረብታ ላይ፣ ማንጎ ጥላ ሥር፣ ፓምፑ የት ይተከል የሚል ስብሰባ ተጠራ። ኢንጂነሩ የመረጠው ቦታ ከታች፣ መንደሩ መሃል ነው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ እንጂ እሺ አላለም። ያለ ሕዝቡ ስምምነት ደግሞ ቁፋሮ የለም፤ የመቆፈሪያው መኪና ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል።

ኢንጂነሩ ችግር ካለ “ብሪንግ ኢት አፕ” አለ። አንሱት፣ ተናገሩት ማለቱ ነበር። እኔ “ብሪንግ” ማምጣት፣ “አፕ” ወደ ላይ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሙሉ ልብ “ችግር ካለ ወደ ላይ አምጡት” አልኩ። አቶ ሙሳም አሻገሩት።

ወጣቶች ተጠቃቅሰው ቁልቁል ሮጡ። ሲመለሱ አንዲት አሮጊት ከነአልጋቸው ተሸክመው ነበር።

“ችግሩ ይኸው” አሉ።

እናታችን ሀሊማ የቦታው ባለቤት ናቸው። እግራቸው ስለማይሄድ ስብሰባ መጥተው አያውቁም። መንደሩ ሁሉ ቦታውን አይሰጡም ብሎ ያምን ነበርና፣ አቶ ሙሳ ለምን እንደከለከሉ ጠየቋቸው።

“መቼ ከለከልኩ? ማን ጠይቆኝ?” አሉ።

የፓምፑ አፍ ወደ ደጃቸው እንዲዞር ብቻ ፈለጉ። ኢንጂነሩ እዚያው ተስማማ። ከዚያ ሴትዮዋን ለምን እንደተሸከሟቸው ጠየቀኝ። “ወደ ላይ አምጡት” ብዬ እንደተረጎምኩ ስነግረው እየሳቀ መሬት ላይ ተዘረጋ፤ አልጋው ላይ ያሉት ሀሊማም አብረው ሳቁ። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ የፈራሁት እኔም ሳቅኩ።

ውሃው ወጣ። ሀሊማ ደጃቸው ተቀምጠው ወረፋ የሚያስጠብቁ ሆኑ፤ የሚጋፋ ሰው ጄሪካኑ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ከዚያ በኋላ በማንቡክም በጾሬም ሠርቻለሁ። “ካሪ ኦን” መሸከም ሳይሆን መቀጠል፣ “ፑት ኦፍ” ማጥፋት ሳይሆን ማዘግየት እንደሆነ አንድ በአንድ ተማርኩ። ጅራታም ግሶች እላቸዋለሁ፤ ትርጉማቸውን የሚያዞረው ጅራታቸው ነው።

ለአዳዲስ አስተርጓሚዎች የምላቸው አንድ ነገር ነው። ንግግሩ ካልገባችሁ ቃል አትቁጠሩ፤ ተናጋሪው ሰዎቹ ምን እንዲያደርጉ እንደሚፈልግ ጠይቁትና እሱን ተርጉሙ።